ፔሮን በ1946 ተሸንፎ ቢሆን ኖሮ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1946 አርጀንቲናውያን ፕሬዚዳንት ሊመርጡ ሲወጡ፣ ለተማረው የቡዌኖስ አይረስ ሰው ውጤቱ ያለቀለት ጉዳይ ነበር። ትልልቆቹ ጋዜጦች ላ ፕሬንሳና ላ ናሲዮን፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች፣ የፋብሪካና የሰፋፊ እርሻ ባለቤቶች፣ ከኮሙኒስቱ ጀምሮ እስከ ወግ አጥባቂው ያለው ፖለቲከኛ ሁሉ በአንድ ወገን ተሰልፏል። በሌላው ወገን ያሉት አንድ የ50 ዓመት ኮሎኔል፣ የሠራተኛ ማኅበር መሪዎች በችኮላ ያቋቋሙት የአራት ወር ዕድሜ ያለው ፓርቲ፣ ከነባሩ ራዲካል ፓርቲ ያፈነገጡ ጥቂት ሰዎችና የወታደራዊው መንግሥት ድጋፍ ናቸው። ምርጫውን ሠራዊቱ ጠበቀው። ተቃዋሚዎቹ ራሳቸው በዕለቱ ንጹሕ ምርጫ ነው ብለው መሰከሩ፤ የመሰከሩትም ያሸነፉ ስለመሰላቸው ነው።

ቆጠራው ሳምንታት ፈጀ። ሲጠናቀቅ ሁዋን ዶሚንጎ ፔሮን 1,487,886፣ ተፎካካሪው ሆሴ ታምቦሪኒ 1,207,080 ድምፅ አገኙ። ልዩነቱ 280 ሺህ ገደማ ነው። ከፔሮን መራጮች 140 ሺህ ያህሉ፣ ማለትም ከአሥሩ አንድ እንኳ የማይሞላው፣ ወደ ማዶ ቢሻገር ኖሮ የሕዝቡ ድምፅ እኩል ለእኩል ይሆን ነበር። አገሪቱ ፕሬዚዳንቷን የምትመርጠው በየአውራጃው በሚወከሉ መራጮች በኩል ስለነበር ሒሳቡ ከዚህ ይወሳሰባል። ቢሆንም ፔሮን የግድ ያሸንፍ ነበር የሚያሰኝ ነገር ከቁጥሩ ውስጥ አይገኝም።

አርጀንቲናን በእግር ኳስ ብቻ ለሚያውቅ አንባቢ፣ ይህ ሰው ባይመረጥ ምን ይቀር እንደነበር መጠየቅ የታሪክ ጨዋታ ሊመስለው ይችላል። ለአርጀንቲናውያን ግን ዛሬም የእራት ጠረጴዛ የሚያናውጥ ጥያቄ ነው። የፔሮን ጠላቶች መልሳቸው አጭር ነው፦ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ከዓለም ሀብታሞች ተርታ የነበረች አገር በአንድ ሰው ምክንያት ወደቀች፤ ተሸንፎ ቢሆን ዛሬ አውስትራሊያን ወይም ካናዳን እናክል ነበር ይላሉ። ይህን መልስ አልቀበለውም። የስንዴና የሥጋ ዋጋ፣ የእንግሊዝ ገንዘብ መድከም፣ የመሬት ይዞታው፣ የወታደሩ በፖለቲካ እጁን ማስገባት ከፔሮን የቀደሙ ወይም ከእሱ አቅም በላይ የሆኑ ነገሮች ናቸው። አገሪቱ በዚያ ምርጫ ያጣችው ሌላ ነገር ይመስለኛል፦ በኮሮጆ ተሸንፎ ወደ ምክር ቤት የሚገባና ተራውን የሚጠብቅ የሠራተኛ ፓርቲ። እንዲህ ያለ ፓርቲ ሊወለድ ተቃርቦ ነበር። የገደለው ደግሞ የፔሮን ሽንፈት ሳይሆን ድሉ ነው።

ፔሮን ከየት መጣ? በ1930 ወታደሩ የተመረጠውን ሽማግሌ ፕሬዚዳንት ኢፖሊቶ ኢሪጎዬንን ገለበጠ። ከዚያ የተከተሉትን ዓመታት አርጀንቲናውያን «ወራዳው አሥርት» ይሏቸዋል። ወግ አጥባቂዎቹ ኮሮጆ ይገለብጣሉ፣ በሞተ ሰው ስም ያስመርጣሉ፤ ሲጠየቁም ለአገር ሲባል የተደረገ ነው እያሉ «የአርበኛ ማጭበርበር» የሚል ስም አወጡለት። ጁን 4 ቀን 1943 ሌላ የመኮንኖች ቡድን ሥልጣን ሲይዝ ለማልቀስ የቸኮለ ሰው ያልነበረው ለዚህ ነው። ፔሮን ከመኮንኖቹ አንዱ ነበር። ሌሎቹ ለሚኒስትርነት ሲሻሙ እሱ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረውን የሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያዘ።

ከዚያች ቢሮ ሆኖ በሁለት ዓመት ውስጥ የሠራው ቀላል አልነበረም። የእርሻ ሠራተኛውን መብት የሚደነግግ ሕግ በ1944 ወጣ። የሥራ ክርክር ችሎቶች ተቋቋሙ፣ ጡረታ ብዙ ሰው እንዲያካትት ሆነ፣ ደመወዝ የሚከፈልበት የዓመት እረፍት ተስፋፋ። ከእነዚህ ሕጎች ብዙዎቹን ሶሻሊስቶቹ በምክር ቤት ለዓመታት ሲያረቁ የኖሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ጸድቀው የሚያስፈጽማቸው ጠፍቶ መደርደሪያ ላይ ቀርተዋል። ፔሮን አስፈጸማቸው። ለቄራ ሠራተኛው ልዩነቱ ይኸው ነበር፤ የሕጉ ደራሲ ማን ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ምሳ የበላ ሰው ነው። የማይታዘዘውን የማኅበር መሪ ግን ከቦታው አስነሣ፣ አሰረ፣ በቦታውም ሌላ አስቀመጠ። ማባበሉና ማስፈራራቱ ከመጀመሪያው አብረው ነበሩ።

በኦክቶበር 1945 የሥራ ባልደረቦቹ መኮንኖች ሰለቻቸው። ሥልጣኑን እንዲለቅ አስገደዱት፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም ማርቲን ጋርሲያ በምትባል ደሴት አሰሩት። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ለተቃዋሚዎቹ ከምርጫው ይልቅ የቀለለው ዕድል ይህ ሳምንት ነበር። ያባረሩት ጄኔራሎች ሲቪሎችን ያካተተ መንግሥት ለማቆም ሊደራደሩ ዝግጁ ነበሩ። የተቃዋሚው መልስ ግን ሥልጣኑ በሙሉ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ካልተሰጠ አንነጋገርም የሚል ሆነ። ያው ፍርድ ቤት የ1930ውንም ሆነ የ1943ቱን መፈንቅለ መንግሥት ሕጋዊ ነው ብሎ የተቀበለ ነው። ሠራተኛው የዳኞቹን ስም ሲሰማ ምን እንደሚያስብ የጠየቀ አልነበረም።

በዚህ ሙግት መሐል ቀኑ ሄደ። አንዳንድ አሠሪዎች ለሠራተኞቻቸው እረፍታችሁን ከፔሮን ተቀበሉ እያሉ መሳለቅ መጀመራቸውም ይነገራል። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ለኦክቶበር 18 የሥራ ማቆም አድማ ጠራ፤ ሠራተኛው ግን አንድ ቀን ቀድሞ ወጣ። ከቤሪሶ የሥጋ ፋብሪካዎች፣ ከአቬያኔዳ ሰፈሮች ወደ ዋና ከተማው ጎረፈ። ባለ ሥልጣናቱ በሪያቹዌሎ ወንዝ ላይ ያለውን ድልድይ ወደ ላይ ሲያነሡት ሰዉ በጀልባና በእንጨት ተሻገረ። ሙቀቱ ሲብስበት በፕላዛ ዴ ማዮ አደባባይ ምንጭ እግሩን ነከረ፤ ያ ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ አገሪቱን ለሁለት ይከፍላል። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ፔሮን ተፈትቶ ከፕሬዚዳንቱ ቤት ሰገነት ላይ ቆመ። የሶሻሊስቶቹና የኮሙኒስቶቹ ጋዜጦች ሳይቀሩ ስለዚያ ሰልፈኛ እንደ ሥራ ፈትና ወሮበላ መንጋ ጻፉ። የሠራተኛ ፓርቲ ነኝ የሚል ጋዜጣ በሠራተኛ ላይ እንዲህ ሲጽፍ ምርጫው ገና አራት ወር ይቀረው ነበር።

እንግዲህ ፔሮን እንዴት ሊሸነፍ ይችል ነበር?

በብዛት የሚነገረው መልስ አሜሪካዊውን ስፕሩል ብሬደንን ይወቅሳል። ብሬደን በ1945 ጥቂት ወራት በቡዌኖስ አይረስ አምባሳደር ሆኖ ተቀምጧል። ከቦታ ቦታ እየዞረ ንግግር አደረገ፣ ተቃዋሚውን አደፋፈረ፣ ከዚያም ወደ ዋሽንግተን ተጠርቶ ረዳት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። ለምርጫው ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው መሥሪያ ቤቱ «ሰማያዊው መጽሐፍ» የተባለውን ሰነድ አወጣ፤ የአርጀንቲና ወታደራዊ መንግሥትና ፔሮን ከናዚ ጀርመን ጋር ተባብረዋል የሚል ክስ ነው። ክሱ ከባዶ የመጣ አልነበረም። አርጀንቲና በጀርመንና በጃፓን ላይ ጦርነት ያወጀችው ማርች 27 ቀን 1945 ነው፤ በርሊን ልትወድቅ ሳምንታት ሲቀሯት። ያወጀችውም በሳን ፍራንሲስኮ ከተባበሩት መንግሥታት መሥራቾች ጋር ወንበር ለማግኘት ነበር። ፋሺዝምን ከአሥር ዓመት በፊት በገዛ ምድሯ የቀመሰችው ኢትዮጵያ በዚያው አዳራሽ ስትቀመጥ፣ የአርጀንቲና መግባት ግን ብርቱ ክርክር አስነሥቷል።

ፔሮን መጽሐፉን በማስተባበል ብቻ አልተወሰነም፤ ገለበጠው። «ብሬደን ወይስ ፔሮን» የሚል መፈክር በየግድግዳው ተጻፈ፤ ለምርጫ ዘመቻ ከዚህ ያጠረና የሠላ መፈክር አላውቅም። ተፎካካሪው ታምቦሪኒ ከመፈክሩ ውስጥ እንኳ የለም። የባዕድ ኤምባሲ መግለጫ በሰው አገር ምርጫ ዋዜማ ሲወጣ ምን ዓይነት ስሜት እንደሚቀሰቅስ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ መግለጫው እውነት ቢሆን እንኳ፣ ምናልባትም እውነት ሲሆን ይበልጥ። ስለዚህ ብሬደን አፉን ቢዘጋ ኖሮ ታምቦሪኒ ያሸንፍ ነበር የሚለው ግምት ብዙ ሰው ያሳምናል።

እኔን ግን ሙሉ በሙሉ አያሳምነኝም። ሰማያዊው መጽሐፍ ያናደደው ሰው ብዙው ቀድሞም የፔሮን ነበር። ሚዛኑን የደፋው ከዚያ በፊት ዲሴምበር 1945 የወጣ ድንጋጌ ይመስለኛል። ወታደራዊው መንግሥት ደመወዝ እንዲጨመርና በዓመቱ መጨረሻ የ13ኛ ወር ደመወዝ እንዲከፈል አዘዘ። (አሥራ ሦስተኛ ወር ያለን እኛ ነን፤ ደመወዝ ያልታሰበለትም ለእኛው ነው።) ድንጋጌው የምርጫ ጉቦ መሆኑ ግልጽ ነበር። አሠሪዎቹ ምን አደረጉ? አንከፍልም አሉ፤ በጃንዋሪ 1946 ሱቁንም ፋብሪካውንም በሠራተኛው ላይ ዘጉ። የኢንዱስትሪ ባለቤቶቹ ማኅበር ለተቃዋሚው ጥምረት የጻፈው ቼክም ተጋልጦ የፔሮን ዘመቻ መሣሪያ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ሠራተኛው ስለ ነፃነትና ስለ ሕገ መንግሥት የሚሰብኩትን ሰዎች ሲያይ፣ ከኋላቸው የደመወዙን ሣጥን ቆልፎ የቆመ ሰው ይታየው ነበር።

ጥምረቱ በዚያ ወር ሌላ አማራጭ ነበረው። ሶሻሊስቶቹና ኮሙኒስቶቹ በውስጡ ስለነበሩ፣ ድንጋጌውን ያወጣው መንግሥት ሕጋዊ አይደለም፣ ክፍያው ግን ለሠራተኛው ይገባዋል፣ ብንመረጥ በሕግ እናጸናዋለን ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም። ያ አንድ ዓረፍተ ነገር በሮሳሪዮና በአቬያኔዳ ስንት ድምፅ እንደሚያወጣ መቼም አይታወቅ። ግን 140 ሺህ ሰው ከየት ይመጣ ነበር ብሎ ለሚጠይቀኝ መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነው።

ሁለተኛው የዕጩው ጉዳይ ነው። ታምቦሪኒ ጨዋ ሐኪም ነው፤ በ1920ዎቹ በፕሬዚዳንት አልቬያር ዘመን የአገር ውስጥ ሚኒስትር ነበር፣ በኋላም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል። ምክትሉ ኤንሪኬ ሞስካም ከዚያው ከራዲካል ፓርቲው አሮጌ ክንፍ ነው። ከእጅ አይሻል ዶማ። በዚያው ፓርቲ ውስጥ ግን የኮርዶባ ገዥ የነበረው አማዴዮ ሳባቲኒ ነበር፤ ከ1936 እስከ 1940 ባስተዳደረው አውራጃ በንጽሕናውና ለድሃው በማሰቡ የታወቀ። ፔሮን ራሱ ምክትሌ ሁን ብሎ ለምኖት እምቢ ብሎታል። ሳባቲኒና ጓደኞቹ ከወግ አጥባቂውም ከኮሙኒስቱም ጋር መጣበቅን ስለተቃወሙ የጥምረቱ ሽማግሌዎች ወደ ዳር ገፏቸው። ራዲካሎቹ ለብቻቸው፣ በሳባቲኒ መሪነት ቢወዳደሩ ኖሮ «ብሬደን ወይስ ፔሮን» የሚለው ጥያቄ ራሱ መልስ ያጣ ነበር።

ይህን ሁሉ ደምረን፣ በማርች 1946 መጨረሻ ቆጠራው ለተቃዋሚው አዘነበለ እንበል። ወታደሩ ያስረክብ ነበር? አዎ ይመስለኛል። ሠራዊቱ ንጹሕ ምርጫ አስተዳድራለሁ ብሎ ክብሩን አስይዟል፤ ውስጡም ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ፔሮንን በኦክቶበር ያሰሩት መኮንኖች አብዛኞቹ አሁንም የደንብ ልብሳቸውን እንደለበሱ ናቸው። ፕሬዚዳንቱ ጄኔራል ፋሬል ለጓደኛው ሲል የእርስ በርስ ጦርነት የሚከፍት ሰው አልነበረም። ስለዚህ በጁን 4 ታምቦሪኒ ቃለ መሐላ ይፈጽማል።

ከዚያ ማግስት ጀምሮ ጭንቁ የእሱ ነው። በካቢኔው ከኮሙኒስቱ ጋር ሊቀመጥ ይችላል? ቀዝቃዛው ጦርነት እየጀመረ ነው፤ አንድ ዓመት ሳይሞላ ጥምረቱ መሰንጠቁ አይቀርም። የ13ኛውን ወር ደመወዝ ቢሰርዝ የኦክቶበር 17 ሰልፍ ይደገማል። ቢያጸናው የዘመቻውን ቼክ የጻፉት ሰዎች ይከዱታል። ምክር ቤት ውስጥ ደግሞ ትልቅ የሠራተኛ ወገን ተቀምጦ እያንዳንዱን ስህተት ይመዘግባል። ታምቦሪኒ ታላቅ ፕሬዚዳንት ይሆን ነበር ብዬ አልከራከርም። ምናልባት ደካማ፣ የሚያመነታ፣ በአድማ የሚናጥ መንግሥት ይሆን ነበር። በ1853ቱ ሕገ መንግሥት የፕሬዚዳንት ዘመን ስድስት ዓመት ስለሆነና ተከታታይ ዳግም ምርጫ ስለማይፈቀድ፣ ቀጣዩ ቀጠሮ 1952 ነው። ፔሮን ያኔ 56 ዓመቱ ነው።

የኢኮኖሚው ነገር ብዙ የሚለወጥ አይመስለኝም። አርጀንቲና በጦርነቱ ጊዜ ሥጋና እህል ሽጣ ያጠራቀመችው ገንዘብ ብዙው ለንደን ውስጥ የታሰረ ፓውንድ ነበር። ፔሮን በእንግሊዞች እጅ የነበረውን የባቡር ሐዲድ በ150 ሚሊዮን ፓውንድ ሲገዛ ጠላቶቹ አሮጌ ብረት ገዛ ብለው ሳቁበት፤ ነገር ግን በኦገስት 1947 እንግሊዝ ፓውንድ ወደ ዶላር መቀየሩን ስታቆም ያ ገንዘብ ሌላ ምን ሊገዛ ይችል ነበር? ታምቦሪኒም ቢሆን ሐዲዱን መግዛቱ አይቀርም፤ ምናልባት ያለ ርችትና ያለ ሰልፍ። አሜሪካ ለአውሮፓ መልሶ ግንባታ ከሰጠችው ዶላር ብዙም ለአርጀንቲና እህል አልዋለም። በ1949 የመጣው ቀውስ በማንም በር ይገባ ነበር። የሚቀረው የፔሮን ልዩ አሠራር ነው፦ የገበሬውን እህል በርካሽ ገዝቶ በውድ የሚሸጠው የመንግሥት ድርጅት፣ የተጋነነው ወጪ፣ የፓርቲ አባልነት እንደ ሥራ ማመልከቻ መቆጠሩ።

በሰውየው ላይ የተንጠለጠሉ ነገሮች ግን አሉ፤ እነሱ ይቀሩ ነበር። በ1947 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች ከአንዱ በቀር በክስ ባልተነሡ። ላ ፕሬንሳ በ1951 ባልተወረሰ። በ1949 ፕሬዚዳንቱ ደጋግሞ እንዲመረጥ ተብሎ ሕገ መንግሥቱ ባልተለወጠ። ደራሲው ሆርሄ ሉዊስ ቦርሄስ ከቤተ መጻሕፍት ሥራው ተነሥቶ የዶሮ ተቆጣጣሪ ሁን ባልተባለ። አይሽማንና ሜንገሌ ለመሰሉ ሸሽተው ለመጡ ናዚዎችም በሩ እንዲያ ወለል ብሎ ባልተከፈተላቸው። ሴቶች ድምፅ የመስጠት መብት ያገኙት በሴፕቴምበር 1947 በፔሮን መንግሥት ነው። ሶሻሊስቶቹ ይህን ለዓመታት ሲጠይቁ ኖረዋልና ጥምረቱም መስጠቱ አይቀርም እላለሁ፤ ቢዘገይ ግን አይገርመኝም፤ በወግ አጥባቂዎች ይሁንታ የቆመ መንግሥት ነውና። የፔሮንን ሚስት ኤቪታን በተመለከተ ደግሞ በጁላይ 1952 በ33 ዓመቷ የገደላት ካንሰር የምርጫ ውጤት አይጠይቅም። ነገር ግን የምትሞተው የተሸናፊ ፖለቲከኛ ሚስት፣ የቀድሞ የሬዲዮ ተዋናይት ሆና ነው። የእርዳታ ድርጅቷ፣ ቅድስት ያስባላት ስርጭት፣ የአልባሳቱ ክምር ሁሉ የመንግሥት ሥልጣን ውጤት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፦ ፓርቲዶ ላቦሪስታ፣ የሠራተኛ ፓርቲው። ይህ ፓርቲ በኦክቶበር 1945 መጨረሻ፣ ከአደባባዩ ሰልፍ በኋላ ወዲያው ተቋቋመ። ፕሬዚዳንቱ የስልክ ሠራተኞች መሪ ሉዊስ ጋይ፣ ከአንቀሳቃሾቹ ዋናው የቤሪሶ ሥጋ ፋብሪካ ሠራተኞች መሪ ሲፕሪያኖ ሬየስ ነው። አርአያቸው በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ቸርችልን ያሸነፈው የእንግሊዝ ሌበር ፓርቲ ነበር። ማኅበራቱ አባል ይሆናሉ፣ ጉባኤው ዕጩ ይመርጣል፣ መሪው ለጉባኤው ይጠየቃል። ፔሮንን የመጀመሪያው አባል ብለው መዘገቡት፤ ባለቤት ግን አላደረጉትም። ከፔሮን ድምፅ ትልቁን ያመጣው ይህ ፓርቲ ነው።

ፔሮን አሸነፈ፤ ቃለ መሐላ ሊፈጽም ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሜይ 23 ቀን 1946 በሬዲዮ ቀርቦ የደገፉት ፓርቲዎች ሁሉ ፈርሰው አንድ እንዲሆኑ አዘዘ። ሥልጣን ያጓጓቸው ብዙዎቹ ታዘዙ። ጋይ የሠራተኛ ኮንፌዴሬሽኑ ዋና ጸሐፊ ሆኖ ጥቂት ሳይቆይ፣ በ1947 መጀመሪያ ከአሜሪካ የሠራተኛ ልዑካን ጋር አሤረ ተብሎ ተነሣ። ሬየስ እምቢ አለ፤ ምክር ቤት ውስጥ የቀረውን የፓርቲውን ስም ይዞ ቆመ። በ1948 ፔሮንን ሊገድል ነው ተብሎ ታሰረ፣ ተሠቃየ፣ የወጣውም ፔሮን በ1955 ሲወድቅ ነው። ኦክቶበር 17ን ካደራጁት ዋናው ሰው ለዚያ ቀን የተከፈለው ይህ ነው።

ፔሮን ተሸንፎ ቢሆን ይህን የማድረግ አቅም ከየት ያመጣ ነበር? ሬዲዮ የለውም፣ ሹመት የለውም፣ ፖሊስ የለውም። የተሸነፈ ዕጩ ፓርቲ አያፈርስም፤ ይልቁንም ፓርቲው ሌላ ዕጩ ስለመፈለግ ማሰብ ይጀምራል። ጋይና ሬየስ ከማኅበራቸው ጋር፣ ሬየስም ከምክር ቤት ወንበሩ ጋር ይቀራሉ። ፔሮን በመካከላቸው ትልቁ ስም ይሆናል፣ ምናልባትም በ1952 እንደገና ዕጩ። ግን ስድስት ዓመት ሙሉ በጉባኤ መጨቃጨቅ፣ ሒሳብ ማቅረብ፣ ለድምፅ መለመን ይጠበቅበታል። ያን ፔሮን ማንም አላየውም። ምናልባት ትዕግሥት አጥቶ ወደ መኮንኖቹ ይመለስና ሌላ መፈንቅለ መንግሥት ያሤር ይሆናል። ይህ የእኔ ክርክር ደካማው ጎን ነው፤ በ1930ም በ1943ም ከሴራ ጋር የተዋወቀ ሰው ነውና አላቃልለውም። ቢሆንም ሰልፈኛውን ያወጣው ማኅበሩ እንጂ የጦር ሰፈሩ አልነበረም፤ የማኅበሩ መሪዎች ደግሞ ከወታደር ነፃ የሆነ ፓርቲ ፈልገው ነበር።

ተቃራኒውን፣ ማለትም ፔሮንን በኮሮጆ ሳይሆን በጉልበት ማሸነፍ ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ ግምት አያስፈልግም፤ ተሞክሯል። በጁን 1955 የባሕር ኃይል አውሮፕላኖች ፕላዛ ዴ ማዮን ደብድበው ከ300 በላይ ሰው ገደሉ። በሴፕቴምበር ወታደሩ ፔሮንን አባረረ። በማርች 1956 የወጣው ድንጋጌ ቁጥር 4161 የፔሮንንና የኤቪታን ስም መጥራት፣ ፎቶግራፋቸውን መያዝ፣ የፓርቲያቸውን መዝሙር መዘመር በሕግ ከለከለ። ጋዜጦች ስሙን ላለመጻፍ «ሸሽቶ የሄደው አምባገነን» ይሉት ነበር። የኤቪታን አስከሬን ሰርቀው ሚላኖ ውስጥ በሌላ ሰው ስም ቀበሩት። በ1957ቱ ምርጫ ግን ከማንም ፓርቲ የበለጠ ያገኘው ባዶ ወረቀት ነበር፤ የፔሮን ሰዎች ኮሮጆ ውስጥ ባዶ ድምፅ ጨመሩ። በ1958 ፍሮንዲሲ ፕሬዚዳንት ሆኖ የተመረጠው ፔሮን ከስደት ሆኖ ምረጡት ስላለ ነው። በ1962 የፔሮን ወገኖች የቡዌኖስ አይረስን አውራጃ ሲያሸንፉ ወታደሩ ፍሮንዲሲን ገለበጠ። በ1963 ኢሊያ በሩብ ድምፅ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1966 እሱም ተገለበጠ። አንድ ሦስተኛው ሕዝብ የራሱን ፓርቲ እንዳይመርጥ የተከለከለበት ምርጫ አሸናፊ ቢኖረው መንግሥት አይኖረውም።

በ18ኛው ዓመት ፔሮን ተመለሰ። በሴፕቴምበር 1973 ከመቶው ከ60 በላይ ድምፅ አገኘ፤ ከዓመት በታች ገዝቶ ጁላይ 1 ቀን 1974 ሞተ፤ ሥልጣኑን ለሦስተኛ ሚስቱ ለኢሳቤል ተወ። በስሙ የሚማሉ ግራና ቀኝ ታጣቂዎች እርስ በርስ እየተገዳደሉ፣ በማርች 1976 ወታደሩ መጣ። ከዚያ በኋላ የሆነው፣ በሺዎች የሚቆጠሩት የጠፉ ሰዎች፣ የታወቀ ነው። ይህን ሁሉ ከ1946ቱ የ280 ሺህ ድምፅ ልዩነት ጋር በቀጥታ ማሰር ማጋነን ይሆናል። ከ1955ቱ ቦምብ ጋር ማሰር ግን ማጋነን አይመስለኝም።

የፔሮን ፓርቲ በነፃ የፕሬዚዳንት ምርጫ መጀመሪያ የተሸነፈው በኦክቶበር 1983 ነው፤ ከ1946 በኋላ በ37ኛው ዓመት። ራዲካሉ ራውል አልፎንሲን ከግማሽ በላይ ድምፅ ሲያገኝ የፔሮኒስቶቹ ዕጩ 40 ከመቶ ላይ ቀረ። ማንም አላገዳቸውም፣ ማንም ስማቸውን አልከለከለም፤ ዝም ብለው ተሸነፉ። የማኅበር አለቆቹ በፓርቲው ላይ የነበራቸው ሥልጣን ተናጋ። ከፔሮኒስቶቹ መካከል አንቶኒዮ ካፊዬሮና ጓደኞቹ ለምን ሕዝቡ አልመረጠንም ብለው ጠየቁ፣ ፓርቲውን የማደስ እንቅስቃሴ ጀመሩ። በ1987 በፋሲካው ሳምንት መኮንኖች ሲያምፁ ካፊዬሮ ከአልፎንሲን ጎን በፕሬዚዳንቱ ቤት ሰገነት ቆሞ ለተመረጠው መንግሥት ተሟገተ። የተከለከለ ፓርቲ ይህን ሊያደርግ አይችልም ነበር፤ ያደረገውም ከሽንፈቱ በአራተኛው ዓመት ነው።

በጁላይ 1988 ፔሮኒስቶቹ በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሬዚዳንት ዕጩአቸውን በአባላት ድምፅ መረጡ። ደንቡን ያስገኘው የካፊዬሮ ወገን ነው፤ አባላቱ የመረጡት ግን ካፊዬሮን ሳይሆን የላ ሪዮሃውን ገዥ ካርሎስ ሜነምን ነበር። ካፊዬሮ ውጤቱን ተቀበለ። ሜነም በ1989 ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ፔሮን በ150 ሚሊዮን ፓውንድ የገዛውን የባቡር ሐዲድ ለግል ባለሀብቶች አስተላለፈ።